«አባቴ ቢሆን ኖሮ» ብዬ የጻፍኩት የፊልም አስተያየት

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። መነሻው አንድ የማይረባ ፊልም ነው። ስለ ማይረባ ፊልም ጽፌ ያመጣሁትን መዘዝ ደግሞ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደገና ብዕር ማንሳቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። አባቴን ጠይቄው ነበር። «ጻፊው፤ የሰው ስም ግን አታንሺ» አለኝ። ስለዚህ የማንንም ስም አላነሳም፤ የራሴንም ጭምር።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቤተሰቦቼ ቤት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ገበሬው ሁሉ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጥና ከሰል ያከስላል። አባቴ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። የከሰል ክምሩ አልበስል ያለው ሰው ሦስት ቀበሌ አቋርጦ መጥቶ ይጠራዋል።

መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ክበብ አዳራሽ ውስጥ ፊልም አሳየ። የወንጀል ፊልም ነው፣ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ደግሞም የእናንተን አገር ሥራ ያሳያል ተብለን ከቅዳሜ በፊት ባሉት ቀናት ሁሉ ስንጠብቀው ነበር። አንድ ነጋዴ ሸሪኩን ይገድላል። እስከዚህ ድረስ ከልቤ ፈርቼ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬም ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ከዚያ ገዳዩ ሬሳውን ወደ ገጠር ይወስድና የከሰል ክምር ውስጥ ይደብቀዋል። ፊልሙ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ብቻውን፣ እንጨቱን ቆርጦ፣ ከምሮ፣ አፈር አልብሶ ሲጨርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤንዚን አርከፍክፎ ሲለኩሰው ነበልባሉ ከዛፉ በላይ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ከሰሉን በባዶ እጁ እያፈሰ ጆንያ ሞላ። ሸሚዙ አሁንም ነጭ ነው።

አዳራሹ ውስጥ እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። የሳቅነው የአዲስ ቅዳም ልጆች ነን።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ተረከዝ ጫማ የምታደርግ መርማሪ ለቤቷ ከሰል ትገዛለች። ከተማ ውስጥ ካለው ከሰል ሁሉ የሟቹ ቀለበት ያለበት ጆንያ ለእሷ ደረሳት። ገዳዩ ደግሞ በሕፃንነቷ የጠፋ መንታ ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ሲበራ ከኋላ አንድ ልጅ «መንታ ከሆኑ እሱ ስለምን አርባ ዓመት ይበልጣታል?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የክበቡ ሰብሳቢ ተናደደ መሰለኝ። «ከሰሉ ላይ የሳቃችሁት ምን አሳቃችሁ? ጽፋችሁ አምጡና ሰሌዳ ላይ እንለጥፈው» አለ። እጄን አወጣሁ። ለእንዲህ ያለ ነገር እጄ ቶሎ ይወጣል።

ሲመሽ እንዳልሳሳት ብዬ ለአባቴ ደወልኩለት። የኛን ክምር ረቡዕ እንደለኮሱት ነገረኝ። ፊልሙን ስተርክለት እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ነጭ ሸሚዝ?» አለ። «ምን ሆኖ ነው? ከዚያ ሠርግ ሊሄድ ነው?»

እሑድን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ክምር ብቻውን የሚሠራ ሰው እንደሌለ፣ ጎረቤት ተራ በተራ በሚረዳዳበት ወንፈል ተጠራርቶ መጥረቢያውን ይዞ እንደሚመጣ ጻፍኩ። እሳቱ አፈሩ ሥር ታፍኖ ቀስ እያለ እንጂ ነዶ እንደማይሠራ፣ ነበልባል ከታየ እንጨቱ ሁሉ አመድ ሆነ ማለት እንደሆነ፣ ትልቅ ክምር ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ጭሱ መጀመሪያ ነጭ፣ ሲበስል ሰማያዊ እንደሚሆን አስረዳሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መዝጊያ አጣሁ። መምህራችን ጽሑፍ በጠንካራ ሐሳብ መዘጋት አለበት ትለናለች። አስቤ አስቤ እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦

«ደራሲው ስለ ከሰል የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ጥሩ ፊልም በሠራ። አሁን እንኳ ከአዲስ ቅዳም አለፍ ብሎ ባለው ማሳችን ላይ አንድ ክምር እየጨሰ ነው። ይህን ወንጀል የሠራው አባቴ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር። ጭሱን ያየ ሁሉ እሱ ሥራው ላይ ነው ብሎ ያልፍ ነበር።»

አባቴን ማመስገኔ ነበር። ሌላ ሐሳብ በልቤ አልነበረም።

ሰኞ ተለጠፈ። ተማሪው ቆሞ አነበበው፤ ሳቀ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሰብሳቢው «አንቺማ ሃያሲ ነሽ» አለኝ። ያን ቀን ምሳ እንኳ በደንብ አልበላሁም፣ ከደስታ ብዛት።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር። ማሳው ከእኛ ማሳ በአንድ ቦይ ብቻ ይለያል። ከአባቴ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ወንፈል የወጡ ናቸው። ያን ረቡዕም የእኛን ክምር አፈር ካለበሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በማግስቱ ሐሙስ ለሚስቱ «ቻግኒ ዘመድ ጠይቄ ቅዳሜ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ቅዳሜ አልመጣም። እሑድም ሰኞም አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። ማክሰኞ ታላቅ ወንድሙ ቻግኒ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ዘመዶቹ ሰውየውን ከገና ወዲህ አላየነውም አሉ።

በዚያው ሳምንት የእኔ ጽሑፍ አዲስ ቅዳም ገባ። ዳታ ስላልነበረ በኢንተርኔት አልሄደም። ቤተሰብ ሊጠይቅ የወረደ አንድ ተማሪ ፎቶውን ስልኩ ላይ ይዞ ሄደ፤ ከዚያ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ቀበሌያችን ሲደርስ የመጀመሪያው ገጽ ቀርቶ ነበር። የደረሰው ሁለተኛው ገጽ ብቻ ነው። ፊልም የሚለው ቃል በብዛት ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር።

ዓርብ እናቴ ደወለችልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«ምኑን እማዬ?»

«አባትሽ ሰው ከሰል ውስጥ ቢከት ማንም አያውቅበትም ብለሽ ጽፈሻል አሉ።»

«ስለ ፊልም ነው እኮ!»

«ፊልሙን እዚህ ማን አየው? ሰው ጠፍቷል ልጄ። ነገ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ትምጣ ብለዋል።»

አውጫጭኝ ማለት አካባቢው ላይ ከባድ ነገር ሲደርስ፣ አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ አይበተንም። ስሙን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ በችኮላ ስነቅለው ጥጉ ተቀደደ።

በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ገባሁ፤ ከዚያ አስፋልቱ ላይ እስካለው የቀበሌያችን መገንጠያ ድረስ በባጃጅ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝና «የዚያ የከሰሉ ሰውዬ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለ። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። «አባትሽን ጠይቂልኝ፤ አማቴን ይቀበለኝ እንደሆነ።» አብረውኝ የተሳፈሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ። ወረዱና ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ስቀር ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስቀልድ ነው እህቴ» አለኝ። ቀልዱን ከተናገረበት ጊዜ ይልቅ ያን ጊዜ የበለጠ ፈራሁ።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተደገፈ መጥረቢያ ላይ ነው። የእኛ አይደለም። እጀታው ተሰንጥቆ በቆርቆሮ ተጠግኗል፤ የጎረቤታችን መሆኑን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳት እናቴን።

«ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው ነው። እኔ አልነካውም፤ አንቺም አትንኪው።»

ወንፈል የወጣ ሰው ኮቱን ሊረሳ ይችላል። መጥረቢያውን አይረሳም፤ በማግስቱ የሌላ ሰው ወንፈል አለበትና።

አባቴ ክምሩ ላይ ነበር። በመንሽ ጀርባ አፈር እየጠቀጠቀ የተሰነጠቀ ቦታ ይደፍናል። ቀና ብሎ አየኝና «መጣሽ» አለ። መልሶ መጠቅጠቁን ቀጠለ። ጭሱ ገና ነጭ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ መድኃኔዓለም ስለነበር ሥራ የለም። ቅዳሴ እንደወጣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በስም ያውቀኛል። ያን ቀን ግን ሰላም ያለኝ አልነበረም። ሸንጎውን የሚመሩት ሽማግሌ አባቴን ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። የጠፋው ሰው ወንድም ፊት ለፊታቸው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

አንድ አንድ እየተነሱ ማሉ። አንዱ ረቡዕ ክምሩ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ሌላው ሐሙስ ንጋት ላይ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ ከሩቅ አየሁ፤ እሱ ይሁን ሌላ ግን አልምልም አለ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አማርኛው የማይገባን አለን። በአዊኛ በይልን።»

አዊኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ያን ቀን ግን እንደ ተዋስኩት ልብስ አልመጥን አለኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ተርጉሜ ስለ ነጩ ሸሚዝ ስናገር አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። አንድ ሰው «እኔስ የሚስቴን ሳሙና ለዚያ ሸሚዝ በሰጠሁ!» አለ። ትንሽ ልቤ መለስ አለ። ሁለተኛውን ገጽ ቀጠልኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ዓረፍተ ነገሩን አየና ዘለለው። እኔ ወስኜ አልነበረም። ደራሲው ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ጥሩ ፊልም በሠራ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ዘለለች!» ወንድምየው ብድግ አለ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ። «እዚህ አለ! አስነብቤዋለሁ! አባቷን ዘለለች!»

ሜዳው ተንጫጫ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፤ ጸጥ አለ። እኔ መሬቱን ነበር የማየው። የተናገረው አባቴ ነው።

«የጻፍሽውን በይ ልጄ።»

አልኩት። ይህን ወንጀል የሠራው አባቴ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር አልኩ፤ በእናቴ ቋንቋ፣ እናቴ እየሰማች፣ አባቴ ከአምስት እርምጃ ላይ ተቀምጦ። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምስጋና የነበረው እዚያ ሜዳ ላይ ምስክርነት ሆነ።

ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ። «መጥረቢያው ቤትህ ነው ይላሉ።»

«አዎ። አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነው።»

«ወዴት ሄዶ?»

አባቴ ዝም አለ።

«እንግዲያው የሄደበትን አላውቅም ብለህ ማል።»

«ሰው አልገደልኩም። እሱን እምላለሁ፤ መስቀሉን አምጡልኝ። ያኛውን አልምልም።»

«ለምን?»

«አልምልም።»

ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገረ። እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማሁም። የማያውቅ ሰው አላውቅም ብሎ ይምላል። አባቴ ግን አልማለም። ስለዚህ የሚያውቀው ነገር አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ሰዎቹ አባቴን ምን ያደርጉታል ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አባቴን ራሱን ፈራሁ።

ወንድምየው «ክምሩ አሁን ይከፈት!» አለ።

«አሁን ከተከፈተ ነፋስ ይገባውና ይነዳል» አለ አባቴ። «የአምስት ዓመት ዛፌ ነው። እስከ ረቡዕ ስጡኝ። በእጃችሁ ትከፍቱታላችሁ።»

«ወንድሜ ውስጡ እየበሰለ እስከ ረቡዕ?»

ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። የጠፋው ሰው ሚስት ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌና ወንድምየው ክምሩን እንዲጠብቁ፣ አባቴ በእነሱ ፊት ብቻ እንዲነካው፣ ረቡዕ በአሥራ አራተኛው ቀን በሸንጎው ፊት እንዲከፈት ተወሰነ። ሰውየው እዚያ ውስጥ ከተገኘ አባቴ ታስሮ ለፖሊስ ይሰጣል። ካልተገኘ ፍለጋው ወደ ሌላ ይዞራል።

ወደ ትምህርቴ አልተመለስኩም። ለጠባቂዎቹ ምሳ የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ሰሃኑን አስቀምጬ እዚያው እቆያለሁ። ክምሩ ከሰው ቁመት ከፍ ይላል፤ ርዝመቱ እንደ ትልቅ ቤት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ክምር አጠገብ ተኝቼ፣ ተጫውቼ፣ ትምህርቴን አጥንቼ አድጌያለሁ። አሁን ግን ጀርባዬን ልሰጠው አልቻልኩም። አፈሩ ሰመጥ ሲል፣ ውስጡ እንጨት ሲሰበር፣ እዘላለሁ።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ቀልደኛ አዛውንት ነበሩ። «እስቲ ያቺን መርማሪ ንገሪኝ» አሉኝ በሁለተኛው ቀን።

«ምኗን አባባ?»

«ጫማዋን። በተረከዙ ነው ወንጀለኛ የምታባርረው?»

«አዎ። ደረጃ ላይ ሳይቀር።»

«እዚህ ብትመጣ ተረከዟ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ እሷን ደግሞ አውጫጭኝ እንቀመጥላታለን።»

ሌላኛው ሽማግሌ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ሽታው መጣ። የሚጠበስ ነገር ሽታ ነበር፤ ከክምሩ በኩል፣ ከጭሱ ጋር። ወንድምየውም አሸተተ መሰለኝ፤ ዱላውን ይዞ ተነሳ። ሁለታችንም ወደዚያው ሄድን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ክምሩን ዞረን ስንገናኝ አንድ ሕፃን የማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ፣ ትኩሱ አፈር ሥር፣ የተቀበሩ አራት ድንቾች አገኘን።

«የኔ ናቸው» አሉ ቀልደኛው አዛውንት ከኋላችን። «ጾም ነው እንጂ ረሃብ ነው ማን አለ?»

ወንድምየው አልሳቀም። ፊቱን አዙሮ ሄደና ቦዩ ዳር ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እስከዚያ ድረስ እንደ ጠላት ነበር ያየሁት። ያን ጊዜ ግን እሱም እንደኔ ሲፈራ የቆየ ሰው እንደሆነ ገባኝ፤ የፈራነውም አንድ ነገር ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጭሱ ሰማያዊ ሆነ። አባቴ አንዱን ጫፍ ሲደፍን ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ጠባቂዎቹ ራቅ ብለው ነበር።

«አባዬ» አልኩት።

«እ።»

«እዚያ ውስጥ...» አልጨረስኩትም።

መንሹን አቆመ። ዞሮ አየኝ። ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«አንቺም?» አለ።

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደና አፈር መጠቅጠቅ ጀመረ። በዚያ ቀን ሁለተኛ ቃል አልተናገረኝም። እኔም ይቅርታ አላልኩም። ይቅርታ ለማለት አለመጠርጠር ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜም እየጠረጠርኩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አገሩ ሁሉ መጣ። አባቴ አፈሩን ከአንድ ጫፍ እየገፈፈ፣ በቀዝቃዛ አፈር እያዳፈነ፣ ከሰሉን በመንሽ ይስባል። ወንድምየው አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን መንሽ ያያል። እኔ እናቴን እጇን ይዣት ነበር፤ ጥፍሬ ቆዳዋን መብሳቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከሰሉ ረጃጅም፣ ያልተሰባበረ፣ ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ የሚጮህ ነበር። ከሰዉ መሃል አንድ ገበሬ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት «ወይ ከሰል!» አለ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ግማሹ ወጣ። ምንም የለም። ሦስት አራተኛው ወጣ። ምንም የለም። በመጨረሻ ባዶው መሬት ታየ። ወንድምየው ዶማ ተቀብሎ መሬቱን ራሱ ቆፈረ፤ እጁ እስኪላጥ ቆፈረ። ከተቃጠለ ሥር በቀር ያገኘው ነገር የለም።

ሽማግሌው «በቃ፤ የለም» አሉ።

እልል ያለ አልነበረም። ሰዉ ቀስ እያለ ተበተነ። አባቴን «እንኳን ደስ አለህ» ያለው ሰው የለም፤ ጎረቤታችን አሁንም ጠፍቷልና፣ አባቴም አሁንም አልማለምና። አንዲት ሴት ስታልፍ «ክምር ባይሆን ገደል አይጠፋም» ስትል ሰማሁ። የጀመርኩት ነገር ክምሩ ሲከፈት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ያልወጣለት ዓይነት ከሰል አውጥቶ፣ ዞር ብሎ አንድም ጆንያ ሳይሞላ፣ መጥረቢያውን ከግድግዳው አንስቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ አስገባው። ባለቤቱ ሊወስደው የሚመጣን ዕቃ ሰው እንደሚያስቀምጠው አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት እናቴ ውኃ ስትቀዳ አብራት የምትወርድ ሴት አልነበረችም።

የሆሳዕና ዕለት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እየሮጠች ነበር። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልነበረም። «መጣ!» አለች። «በእግሩ መጣ!»

ጎረቤታችን ከሩቅ ጸበል ነበር የመጣው። ከስቷል፤ ጄሪካን በትከሻው ይዟል። ሁለት ቀን ተጠምቄ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው፤ አጥማቂው አባት ሱባዔውን ሳትጨርስ አትወጣም አሉት፤ ቦታው ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ሕመሙ የልጁ ሠርግ ሳያልፍ ሰው እንዲያውቅበት የማይፈልገው ሕመም ነበር። ለሚስቱም ለወንድሙም አልነገረም። የነገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ረቡዕ ማታ መጥረቢያውን ሲያስቀምጥ ለአባቴ። በቃል አስሮት ነበር። ሕመሙ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ነገር መጻፍ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ እሱንና ወንድሙን ይዘው ቤታችን መጡ። ወንድምየው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። በእኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ የተበደለው ድንጋዩን አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። አባቴ ፈጥኖ ተነስቶ ድንጋዩን በራሱ እጅ አወረደለት። «ወንድምህ ጠፍቶብህ ምን ልታደርግ ነበር?» አለው። ጎረቤታችን ግን ራሱን መግታት አልቻለም፤ «በኔ ምክንያት፣ በኔ ምክንያት» እያለ አለቀሰ።

እኔ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ድንጋይ ያዝኩ፤ ለኔ አንገት የሚከብድ። በሰዉ መሃል ገብቼ አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። ሴት ልጅ ድንጋይ ስትሸከም አይቼ አላውቅም፤ ይፈቀድ እንደሆነም አልጠየቅሁም። ሽማግሌዎቹ አልከለከሉኝም። ስለ ጽሑፉ የመሰላቸው ይመስለኛል። እኔና አባቴ ግን ስለ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

አባቴ ወዲያው አላወረደልኝም። ለወንድምየው የቸኮለውን ያህል ለእኔ አልቸኮለም። አንገቴ መቃጠል ጀመረ።

«ይህን ድንጋይ ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከጥጆቹ በረት አጥር።»

«ነይ እንመልሰው። ጥጃዋ ትወጣለች።»

ጎንበስ ብሎ በአንድ በኩል ያዘልኝ፤ በሌላው በኩል እኔ ይዤ፣ ሁለታችን ወደ ጓሮ ወሰድነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።